መብራት ሲጠፋ የትኛው ስልክ ይናገራል? ስለ ቢሮ ስልኮች የኃይል ምንጭ አመራረጥና አደላደል

(በትምህርት ክፍላችን ለሕዝብ ክፍት በሆነው መድረክ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በአቅራቢው የታረመ)



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። የቢሮ ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከየት ነው? ከግድግዳው ሶኬት ነው? ከኔትወርኩ ኬብል ነው? ወይስ ከውስጥ ስልክ ማዞሪያው? ብዙ ጊዜ ይህን ጥያቄ የግዥ ክፍል በዋጋ፣ ተከላውን የሚሠራው ባለሙያ ደግሞ በእጁ ባለው ዕቃ መልሰውት ያልፋሉ። እኔም በአንድ ወቅት በዚሁ መንገድ መልሼው ነበር። ስለዚህ ገለጻዬን ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት አሮጌውን የስልክ ማዞሪያ በኢንተርኔት ፕሮቶኮል በሚሠሩ ስልኮች እንድንተካ የተቋቋመ የቴክኒክ ኮሚቴ አባል ነበርሁ። በጀቱ ጠባብ ነበር። ኃይል በኬብል የሚልኩት ስዊቾች ዋጋቸው ከፍ ስላለ፣ ተራ ስዊቾች ገዝተን ለእያንዳንዱ ስልክ የግድግዳ አዳፕተር እንዲሰጥ ወሰንን። በውሳኔው ላይ ፊርማዬ አለ። ስልኮቹ ተተከሉ፤ ድምፃቸው የጠራ ነበር፤ ሁሉም ተደሰተ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። በሦስተኛው ፎቅ ላይ ሒሳብ ለመዝጋት ካመሹት ሠራተኞች መካከል አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ደረታቸውን ይዘው ወንበራቸው ላይ ተዝለፈለፉ። አብራቸው የነበረችው ሠራተኛ ወደ ዋናው በር ጥበቃ ለመደወል ስልኩን አነሣች። ስልኩ ጸጥ አለ። መብራቱ ቀን ቀንም ሲቆራረጥ ስለ ዋለ የእጅ ስልኳ ባትሪው አልቋል። በጨለማ ደረጃ ሦስት ፎቅ ወርዳ፣ ግቢውን አቋርጣ ጥበቃዎቹን ጠራች። ባልደረባችን ሆስፒታል ደርሰው ተረፉ፤ ፈጣሪ ይመስገን። በማግሥቱ ግን ያቺ ሠራተኛ ቢሮዬ መጥታ እንዲህ አለችኝ፦ «ዶክተር፣ አሮጌው ስልክ እኮ መብራት ሲጠፋም ይሠራ ነበር። አዲሱ ለምን አይሠራም?»

በኮሚቴው ስብሰባዎች ሁሉ ይህን ጥያቄ ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። የዛሬው ገለጻዬ ለእርሷ ጥያቄ የተሟላ መልስ ለመስጠት የሚደረግ ሙከራ ነው።

አሮጌው ስልክ ለምን ይሠራ ነበር?

መልሱ አሮጌው ስልክ ኃይሉን ከሕንፃው መብራት አለመውሰዱ ነው። የቀድሞው ስልክ የሚሠራበት ኤሌክትሪክ የሚመጣው ድምፁን በሚያመላልሱት በእነዚያው ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ነበር። በሽቦው ሌላኛው ጫፍ፣ በቴሌ ጣቢያው ወይም በመሥሪያ ቤቱ ማዞሪያ ክፍል፣ ትልልቅ ባትሪዎች ተደርድረው ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሚሰጡ 24 የሊድ አሲድ ሴሎች በተርታ ሲያያዙ 48 ቮልት ይሆናሉ። የስልክ ዓለም የታወቀው ቁጥር 48 ከዚህ የመጣ ነው። የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ከመሬት ጋር ይታሰራል፤ ይህም የሆነው እርጥበት ባለበት ቦታ የመዳቡ ሽቦ በኤሌክትሪክ ኃይል ተበልቶ እንዳያልቅ ነው። መብራት ቢጠፋ ባትሪዎቹ ለሰዓታት ይሠራሉ፤ ከዚያም የጣቢያው ጀነሬተር ይተካቸዋል። ተጠቃሚው ስለዚህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ማወቅም አላስፈለገውም።

ይህም ቢሆን ከመጀመሪያ ጀምሮ የነበረ አሠራር አይደለም። ስልክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሲስፋፋ፣ በአገራችንም የቴሌኮም አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1894 በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር፣ የጊዜው ስልኮች የየራሳቸው ባትሪ ነበራቸው። ደረቅ ባትሪው በሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ለድምፅ ማስተላለፊያው ኃይል ይሰጣል፤ ለመጥራት ደግሞ እጀታ ይዞራል። እኔ በተወለድሁበት ትንሽ ከተማ የቴሌ ጣቢያ ውስጥ እጀታው ሲዞር የሚሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። የዚህ አሠራር ችግር ግልጽ ነው። አንድ ሺህ ስልክ ካለ አንድ ሺህ ቦታ የሚያረጅ ባትሪ አለ፤ የትኛው እንዳለቀ የሚታወቀውም ስልኩ ሲያስፈልግ ነው። በ1890ዎቹ በአሜሪካ የተጀመረው የጋራ ባትሪ አሠራር ይህን ችግር አስወገደ። ባትሪው ከየቤቱ ወጥቶ ባለሙያ በሚጠብቀው አንድ ቦታ ተሰበሰበ።

እኛ በዚያ መሥሪያ ቤት ያደረግነው ምን ነበር? በዘመናዊ ዕቃ ወደ ጥንቱ አሠራር ተመለስን። እያንዳንዱን ስልክ ከየራሱ ሶኬት ጋር አሰርነው። ያውም የጥንቱ ስልክ ቢያንስ ባትሪ ነበረው፤ የእኛው ግን እርሱም አልነበረውም።

አማራጮቹ

ዛሬ አንድ የቢሮ ስልክ ኃይል የሚያገኝባቸው መንገዶች በአራት ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያው አሁን የነገርኋችሁ የቀድሞው መስመር ነው። የመዳብ ሽቦ ያለውና ባትሪው በደኅና የተያዘ የውስጥ ማዞሪያ ያለው መሥሪያ ቤት ጥቂት መስመሮችን፣ ለምሳሌ የጥበቃ፣ የሊፍትና የክሊኒክ ስልኮችን፣ በዚሁ ቢያቆይ ኋላቀር አይባልም።

ሁለተኛው የግድግዳ አዳፕተር ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ተከላውም ቀላል ነው። ለአንድ ሁለት ስልክ፣ በተለይም ከኔትወርክ ክፍሉ በጣም ለራቀ ቦታ፣ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ድክመቶቹ ግን ብዙ ናቸው። ስልኩ በሕንፃው መብራት ላይ ሙሉ በሙሉ ጥገኛ ይሆናል። ሶኬት ይሻማል፤ ዲቫይደሩ ላይ የውኃ ማፍያውና የሞባይል ቻርጀሩ ሲመጡ መጀመሪያ የሚነቀለው ምን ጊዜም የስልኩ ነው። ደግሞም አዳፕተሮች መልካቸው አንድ ሆኖ ቮልታቸው ይለያያል። 5 ቮልት የሚፈልግ ስልክ አለ፤ 12 ቮልት የሚፈልግ አለ፤ 48 ቮልት የሚፈልግም አለ። የሦስቱም መሰኪያ ተመሳሳይ መጠን ሊኖረው ይችላል።

ስለዚህ አዳፕተር ስትመርጡ ሦስት ነገር አስተያዩ። ቮልቱ በስልኩ ጀርባ ከተጻፈው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከፍም ዝቅም ማለት የለበትም። አምፔሩ ግን ከተጻፈው እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ ስልኩ የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ስለሆነ ትርፉ አይጎዳውም። ሦስተኛው የመሰኪያው ውስጠኛ ጫፍ አዎንታዊ ነው ወይስ አሉታዊ የሚለው ነው፤ ይህም በአዳፕተሩ ላይ በትንሽ ሥዕል ይገለጻል።

ሦስተኛው መንገድ በስዊቹና በስልኩ መካከል ገብቶ ኃይል በኬብሉ ላይ የሚጭን መሣሪያ ነው፤ ባለሙያዎች ኢንጀክተር ይሉታል። ተራ ስዊቾች ለገዛ መሥሪያ ቤት መካከለኛ መፍትሔ ነው፤ እኛም በኋላ ስሕተታችንን በከፊል ያረምነው በዚሁ ነው። ሲገዛ ግን ደረጃውን የጠበቀ መሆኑ ይጣራ። በገበያ ላይ ሳይጠይቁ፣ ኬብሉ ጫፍ ላይ ያለውን ሳይለዩ 24 ወይም 48 ቮልት የሚለቁ አሉ። እነዚህ ለተሠሩለት መሣሪያ ካልሆነ በስተቀር ሌላውን ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

አራተኛው ራሱ ስዊቹ ኃይል የሚልክበት አሠራር ነው፤ ፓወር ኦቨር ኢተርኔት ይባላል። ለብዙ ቢሮዎች የምመክረው ይህን ነው። የምመክርበትን ምክንያት ለመረዳት ግን አሠራሩን ማየት ይገባል።

ስዊቹና ስልኩ እንዴት ይተዋወቃሉ?

የኢተርኔት ኃይል ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2003 በኢንስቲትዩት ኦፍ ኤሌክትሪካል ኤንድ ኤሌክትሮኒክስ ኢንጂነርስ ሲጸድቅ የተመረጠው ቮልት ለስልክ ሰዎች እንግዳ አልነበረም፤ ከ44 እስከ 57 ቮልት፣ ማለትም በ48 ዙሪያ ነው። የምርጫው ምክንያት ዛሬም ያው ነው። ከ60 ቮልት በታች ያለ ቀጥተኛ ጅረት በተለመደው ሁኔታ ሰውን አይጎዳም ተብሎ ይወሰዳል፤ በሌላ በኩል ደግሞ በቀጭን ሽቦ ብዙ ሳይባክን ርቆ ለመሄድ በቂ ከፍታ አለው።

ይህን በቁጥር እንየው። 5 ዋት የሚፈልግ ስልክ አለን እንበል። በ5 ቮልት ብንልክለት 1 አምፔር ያስፈልጋል። 100 ሜትር የሆነ ደኅና ኬብል በደርሶ መልስ እስከ 12.5 ኦም ሬዚስታንስ ሊኖረው ይችላል። 1 አምፔር በ12.5 ኦም ሲያልፍ የሚጠፋው 12.5 ቮልት ነው። የላክነው ግን 5 ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ ፈጽሞ አይሆንም። በ48 ቮልት ብንልከው ግን የሚያስፈልገው ጅረት በ0.1 አምፔር ዙሪያ ነው፤ በመንገድ የሚጠፋውም ከ1.5 ቮልት አይበልጥም።

ስዊቹ ኃይል ከመልቀቁ በፊት ይጠይቃል። መጀመሪያ ከ10 ቮልት በላይ የማይዘልቅ ትንሽ ቮልት ይልክና በሌላው ጫፍ 25 ኪሎ ኦም የሚሆን ሬዚስታንስ መኖሩን ይፈትሻል። ይህ የስልኩ መታወቂያ ነው። መታወቂያው ካልተገኘ፣ ለምሳሌ የተሰካው ላፕቶፕ ከሆነ፣ ኃይል አይለቅም። መታወቂያው ሲገኝ ቮልቱን ወደ 15 እና 20 መካከል ከፍ አድርጎ «ምን ያህል ትፈልጋለህ?» ይላል። ስልኩ በሚስበው ጅረት መጠን ክፍሉን ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው ሙሉው ኃይል የሚለቀቀው። ስልኩ ተነቅሎ የሚስበው ጅረት ከ10 ሚሊ አምፔር በታች ሲሆን ስዊቹ ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ያቋርጣል። ሌላ ዕቃ በዚያው ኬብል ላይ ቢሰካ አይጎዳም።

ክፍሎቹን ማወቅ ለአመዳደብ ይጠቅማል። ለክፍል 1 ስዊቹ 4 ዋት ይይዛል፤ ለክፍል 2፣ 7 ዋት፤ ለክፍል 3፣ 15.4 ዋት፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በተጨመረው ደረጃ ደግሞ ለክፍል 4፣ 30 ዋት ይይዛል። ክፍሉን የማይናገር ስልክ ክፍል 0 ተብሎ 15.4 ዋት ይያዝለታል። ተራ የጠረጴዛ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ በክፍል 1 ወይም 2 ይመደባል፤ ትልቅ ባለ ቀለም ማያ ወይም ካሜራ ያለው ክፍል 3 ሊሆን ይችላል። ስዊቹ 15.4 ዋት ሲልክ ስልኩ ጋ እንደሚደርስ ዋስትና ያለው 12.95 ዋት ነው። ልዩነቱ፣ 2.45 ዋት፣ በኬብሉ ላይ በሙቀት መልክ ይቀራል። ተማሪዎች፣ 0.35 አምፔርን በራሱ አባዝታችሁ በ20 ኦም ብታባዙት ይህንኑ ቁጥር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ደረጃ ለኬብሉ የፈቀደው የመጨረሻ ሬዚስታንስ 20 ኦም ስለነበር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኬብል አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ላዩ በመዳብ የተለበጠ፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ ኬብል በርካሽ ይሸጣል። የአሉሚኒየም ሬዚስታንስ ከመዳብ 1.6 እጥፍ ያህል ነው። ዳታ ብቻ ሲያልፍበት ደኅና መስሎ ይቆይና ኃይል ሲጫንበት ይሞቃል፤ ራቅ ያሉት ስልኮችም እየጠፉ ይበራሉ። በግዥ መግለጫችሁ ላይ «ሙሉ በሙሉ መዳብ» የሚል ቃል ይኑር፤ ሲረከቡም ጫፉን ፍቆ ማየት ነው።

አደላደሉ

አሁን ወደ ቅንብሩ እንግባ። ስዊች ስትገዙ የበሮቹን ቁጥር ብቻ አትቁጠሩ፤ በአጠቃላይ ስንት ዋት መላክ እንደሚችል ጠይቁ። 24 በር ያለው ስዊች 370 ዋት ካለው ለሁሉም በሮች 15.4 ዋት መስጠት ይችላል። 185 ዋት ብቻ ካለው ግን በዚያው መጠን የሚያስተናግደው 12 በሮችን ነው። ዐሥራ ሦስተኛው ሰው ስልኩን ሲሰካ ወይ አይበራለትም፣ ወይ ደግሞ የሌላ ሰው ስልክ ይጠፋበታል። ስልኮቹ ክፍል 2 ከሆኑና ክፍላቸውን በትክክል ከተናገሩ ግን፣ 24 በ7 ሲባዛ 168 ስለሆነ፣ ያው ስዊች ለሁሉም ይበቃል። ስለዚህ ሒሳቡን የምንሠራው በስልኩ ክፍል እንጂ በግምት አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ቅደም ተከተል ነው። ኃይል ሲያጥር የትኛው በር መጀመሪያ ይቋረጥ? የሚቀናበሩ ስዊቾች ለእያንዳንዱ በር ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ ወይም እጅግ አስፈላጊ የሚል ደረጃ እንድንሰጥ ይፈቅዳሉ። በፋብሪካ ሲወጡ ብዙውን ጊዜ ሁሉም በር እኩል ደረጃ ይሰጠዋል። እንዲህ ከተተወ ውሳኔው በብዙ ስዊቾች በበሩ ተራ ቁጥር ይሆናል። ይህም ማለት የጥበቃው ስልክ የሚኖረው ወይም የሚጠፋው ኬብሉን የሰካው ሰው የትኛው ቀዳዳ ቀርቦ በታየው ላይ ተመሥርቶ ነው ማለት ነው። የጥበቃው፣ የክሊኒኩ፣ የማብሰያ ቤቱ፣ የቤተ ሙከራው ስልክ የላይኛውን ደረጃ ያግኙ። የእኔ ቢሮ ስልክ መጨረሻ ይሁን።

ሦስተኛው ነገር የሌሊት መርሐ ግብር ነው። አንዳንድ ስዊቾች ኃይል ለመቆጠብ ከሥራ ሰዓት ውጭ ለበሮች የሚልኩትን ኃይል እንዲያቋርጡ ሊታዘዙ ይችላሉ። ቁጠባው መልካም ነው። የጥበቃው ስልክ ግን በጣም የሚያስፈልገው በዚያው በሌሊት ነው።

ከመብራት መጥፋት በኋላ

እስካሁን ኃይሉን ከየሶኬቱ አንሥተን በአንድ ቦታ፣ በስዊቹ ላይ ሰብስበነዋል። ይህ ብቻውን ምንም አላዳነም። ስዊቹ ከግድግዳ ሶኬት ከተሰካ፣ መብራት ሲጠፋ ቀድሞ አንድ በአንድ ይጠፉ የነበሩት ስልኮች አሁን በአንድነት ይጠፋሉ። የመሰብሰቡ ጥቅም ባትሪ የሚያስፈልገው ቦታ አንድ መሆኑ ነው። የቴሌ ጣቢያው ባትሪ ክፍል ሥራ ወደ እኛ ራክ ክፍል ተዛውሯል፤ ጠባቂውም እኛው ሆነናል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝ መልስ «ጀነሬተር አለን» የሚል ነው። ጀነሬተር እስኪነሣ ቢያንስ ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ፤ ሰው ሄዶ የሚያስነሣው ከሆነ ደግሞ ደቂቃዎች። ስዊቹ ለመጥፋት ግን አንድ ሰከንድ ይበቃዋል፤ ተመልሶ ለመነሣት ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ስልኮቹም ከእርሱ በኋላ እንደገና ተነሥተው መመዝገብ አለባቸው። ስለዚህ ጀነሬተር ያለውም መሥሪያ ቤት ክፍተቱን የሚሞላ ባትሪ፣ ማለትም ዩፒኤስ፣ ያስፈልገዋል።

ምን ያህል ባትሪ? ምሳሌ እንሥራ። 16 ስልኮች አሉን፤ እያንዳንዱ 5 ዋት ሲወስድ 80 ዋት ይሆናል። በኬብልና በመለወጫው የሚባክነውን ጨምረን 100 እንበለው። ስዊቹ ለራሱ 25፣ ራውተሩና የፋይበር ሞደሙ 25፣ የጥሪ ሰርቨሩ 50 ዋት ይውሰዱ። ድምሩ 200 ዋት ነው። ለ2 ሰዓት 400 ዋት ሰዓት ይፈለጋል። የዩፒኤሱ ብቃት 85 በመቶ ከሆነ 470 ይሆናል። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ እንዲኖረው ግማሹን ብቻ እንጠቀም ካልን 940። ይህን ለ12 ቮልት ስናካፍል 78 አምፔር ሰዓት ይመጣል። ባትሪው ሲያረጅ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ እንደሚያጣ ብናስብ 98፤ በገበያ ቋንቋ አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ማለት ነው።

ይህን ከጠረጴዛ ሥር ከምናየው ትንሽ ዩፒኤስ ጋር አነጻጽሩት። በውስጡ ያለው ብዙውን ጊዜ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው፤ 84 ዋት ሰዓት። 200 ዋት ብንጭንበት በወረቀት ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ባትሪ በፍጥነት ሲወጣ አቅሙ ስለሚቀንስ በተግባር ከዚያም ያነሰ ነው። በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው 650 ቪኤ ወይም 1000 ቪኤ የሚነግረን በአንድ ጊዜ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል እንጂ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አይደለም። በግዥ ላይ በብዛት የማየው ስሕተት ይህ ነው።

በጀቱ ለ100 አምፔር ሰዓት ካልበቃ ሌላ መንገድ አለ። ሁሉንም ስልክ ለጥቂት ደቂቃ ከማቆየት፣ አራቱን አስፈላጊ ስልኮች በራሳቸው ትንሽ ስዊች ላይ ለይቶ ለሰዓታት ማቆየት ይሻላል። አራት ስልክ 20 ዋት፣ ትንሹ ስዊች 10፣ ራውተርና ሞደም 20፣ አነስተኛ የጥሪ ሰርቨር 20፤ ድምር 70 ዋት። በዚያው ስሌት ለ2 ሰዓት 35 አምፔር ሰዓት ገደማ ይበቃል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ስልኮቹን ብቻ ሳይሆን ሞደሙን፣ ራውተሩንና ሰርቨሩንም እንደ ቆጠርሁ ልብ በሉ። ስልክ የሚሠራው ከእርሱ እስከ ውጭው መስመር ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ ሲሠሩ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከግድግዳ ሶኬት ከተሰካ የቀሩት ባትሪዎች ሁሉ ከንቱ ናቸው፤ ስልኩ ይበራል፣ ማያው ሰዓቱን ያሳያል፣ ጥሪ ግን አይወጣም። በተለይ የፋይበር መስመር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያመጣም፤ የመዳቡ መስመር ይሰጠን የነበረው ኃይል አብሮት አልመጣም። ሌሎች አገሮች ይህን በደንብ ጉዳይነት ይዘውታል። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ፣ መስመሩ ራሱ ኃይል የማያመጣ የቤት ስልክ የሚያቀርቡ ድርጅቶች፣ ለሚፈልግ ደንበኛ የ8 ሰዓት፣ ቆይቶም የ24 ሰዓት መጠባበቂያ ኃይል በሽያጭ እንዲያቀርቡ አዝዞ ነበር። የብሪታኒያው ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ከቤት ስልኩ ሌላ መጥሪያ ለሌለው ደንበኛ መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ለ1 ሰዓት ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር መደወል የሚያስችል መፍትሔ እንዲቀርብ ጠይቋል።

«የእጅ ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ይኖራል። የእጅ ስልክ ጠቃሚ መጠባበቂያ ነው። ነገር ግን የእርሱም ባትሪ፣ የአንቴናውም ባትሪ ከዚያው ከጠፋው መብራት የሚሞሉ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ምክንያት ሊወድቁ የሚችሉ ከሆነ አንዱ ለሌላው ሙሉ ዋስትና አይሆንም። የጠረጴዛው ስልክ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቋሚ ቦታ አለው፤ የይለፍ ቃልም አይጠይቅም።

ባትሪውን መጠበቅ

ባትሪ ገዝቶ መርሳት ካለመግዛት ብዙም አይሻልም። በዩፒኤስ ውስጥ የሚገኘው የተዘጋ ሊድ አሲድ ባትሪ ሙቀት ይጎዳዋል። በሙያው ተቀባይነት ባለው ግምት፣ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። አየር የማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቆለፈ ራክ፣ በተለይም በቆላ ከተሞች፣ አራት ዓመት ሊያገለግል የሚችለውን ባትሪ በሁለት ዓመት ይጨርሰዋል። የዩፒኤሱ አረንጓዴ መብራት ግን እስከ መጨረሻው ሊበራ ይችላል።

ስለዚህ የምመክረው ፈተና አንድ ነው፤ ዋጋም የለውም። በሦስት ወር አንድ ጊዜ፣ ለሠራተኛው አስቀድሞ አስታውቃችሁ፣ የራክ ክፍሉን ብሬከር አውርዱ። ሰዓት ያዙ። ከጥበቃው ስልክ ወደ ውጭ፣ ከውጭም ወደ ጥበቃው ስልክ ደውሉ። በየ15 ደቂቃው ደግሙት። የቆየበትን ጊዜ ጽፋችሁ በራኩ በር ላይ ለጥፉ። ቁጥሩ ካለፈው ፈተና በጉልህ ካነሰ ባትሪው ይቀየር። ይህን ያላደረገ መሥሪያ ቤት ስልኩ መብራት ሲጠፋ ይሠራ እንደሆነ የሚያውቀው አደጋ በደረሰበት ቀን ነው።

ማጠቃለያ

አንድ የስልክ ተከላ በእጃችሁ ሲገባ፣ ተማሪዎቼ፣ ከስልኩ ሞዴልና ከዋጋው ዝርዝር አትጀምሩ። ከጨለማው ሰዓት ጀምሩ። መብራት በጠፋበት ጊዜ የግድ መናገር ያለበት የትኛው ስልክ ነው? ለስንት ሰዓት? ከማን ጋር? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሲመለሱ የኃይሉ ምንጭ፣ የስዊቹ ዋት፣ የበሮቹ ቅደም ተከተል፣ የባትሪው መጠን በተራቸው ይከተላሉ። ከእነዚህ አንዳቸውም ከባድ ሒሳብ የላቸውም፤ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይሠራሉ።

እኛ የኮሚቴው አባላት ሒሳቡን እናውቅ ነበር። ያላደረግነው ጥያቄውን ማንሣት ነው። ቀድሞ ቴሌ ስለ እኛ ያስብልን ስለነበር፣ የማሰቡ ግዴታ ወደ እኛ መተላለፉን ልብ አላልንም። ያቺ ሠራተኛ በጠየቀችኝ ቀን የሰጠኋት መልስ «እናስተካክለዋለን» የሚል ነበር። አስተካከልነው፤ መጀመሪያ ለጥበቃው፣ ለክሊኒኩና በየፎቁ ለአንድ ስልክ ኢንጀክተርና ባትሪ አደረግን፤ ኋላም በጀት ሲገኝ ስዊቾቹ ተቀየሩ። በመጀመሪያው የብሬከር ፈተና ዕለት ከሦስተኛው ፎቅ ወደ ዋናው በር የደወለችው እርሷ ነበረች።